የነፃ ስልክ ቁጥር ዝውውር ክፍያ፦ የሥራ ዋጋ ወይስ የኬላ ቀረጥ?

በአሜሪካ አንድ አነስተኛ ድርጅት በ800 ወይም በ888 የሚጀምር ነፃ የስልክ ቁጥሩን ይዞ ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ወደ ሌላ ለመዛወር ሲነሣ፣ ከቴክኒኩ ሥራ ቀድሞ የሚገጥመው ብዙ ጊዜ የክፍያ ጥያቄ ነው። የሚለቀው ኩባንያ «የማዘዋወሪያ»፣ «የመልቀቂያ» ወይም «የአስተዳደር» የሚል ስም የሰጠውን ሒሳብ ያቀርብለታል። መጠኑ ወጥ አይደለም። አንዳንዱ ኩባንያ ምንም አይጠይቅም፤ አንዳንዱ በየቁጥሩ የተወሰነ ዶላር ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያልተጠናቀቀውን የውል ዘመን ኪራይ ከዝውውሩ ጋር አያይዞ፣ ካልተከፈለኝ ቁጥሩን አልለቅም ይላል። በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይነት መንገድ ለሚከናወን ሥራ ይህን ያህል የተራራቀ ዋጋ መጠየቁ ብቻውን ጥርጣሬ ሊያጭር ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በነፃ የስልክ ቁጥር ዝውውር ላይ የሚጠየቀው ክፍያ በአብዛኛው የሥራ ዋጋ አይደለም፤ ደንበኛው ራሱ በዓመታት ወጪና ትጋት በቁጥሩ ላይ ያከማቸው እሴት ከበር ሲደርስ የሚቆረጥበት የኬላ ቀረጥ ነው። ይህም የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ30 ዓመታት በፊት ያፈረሰውን አጥር በሌላ መልክ መልሶ ያቆማል።

ከ1993 በፊትና በኋላ

ነፃ የስልክ ቁጥር የጥሪው ሒሳብ በደዋዩ ሳይሆን በተደዋዩ የሚከፈልበት ቁጥር ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ አገልግሎቱን በአሜሪካ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ በ800 የሚጀምሩት ቁጥሮች እያለቁ በመምጣታቸው 888 በ1996፣ 877 በ1998፣ 866 በ2000፣ 855 በ2010፣ 844 በ2013፣ 833 ደግሞ በ2017 ተጨመሩ። ፍላጎቱ ይህን ያህል ያደገው ቁጥሩ ከመገናኛነቱ ባሻገር የንግድ መለያ ምልክት ስለሆነ ነው። በጭነት መኪና በር ላይ ይጻፋል፣ በመድኃኒት ዕቃ ላይ ይታተማል፣ በሬዲዮ ይዜማል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገር ቤት ለመደወል ይገዟቸው ከነበሩት የቅድመ ክፍያ ካርዶች ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ የያዙት የመግቢያ ቁጥር የዚሁ ቤተሰብ አባል ነበር። ካርዱ ይጣላል፤ ቁጥሩ ግን በቃል ይያዛል።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1993 ድረስ የነበረው አሠራር ከ800 ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አኃዞች የኩባንያውን ማንነት የሚያመለክቱበት ነበር። የአካባቢው የስልክ ኩባንያ እነዚያን ሦስት አኃዞች አይቶ ጥሪው ለኤቲ ኤንድ ቲ፣ ለኤምሲአይ ወይም ለሌላ እንደሚተላለፍ ይወስናል። ስለዚህ ኩባንያ መቀየር ማለት ቁጥር መቀየር ማለት ነበር። ቁጥሩ በየመኪናው፣ በየካታሎጉና በየደንበኛው አእምሮ ለተቀረጸ ድርጅት ይህ ስሙን ጥሎ እንደ መሄድ ያለ ነው። ብዙዎቹም አልሄዱም፤ ያልሄዱት ግን በአገልግሎቱ ረክተው ነው ለማለት አይቻልም።

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን አሠራር ያስቀረው ከግንቦት 1 ቀን 1993 ጀምሮ ነው። ከዚያ ዕለት ወዲህ ጥሪው የሚመራው በቁጥሩ ቅርጽ ሳይሆን ለሁሉም የጋራ ከሆነ የመረጃ ቋት በሚገኝ መዝገብ ነው። ኩባንያዎች እየጠየቁ መልስ ያገኙበታል፤ ደንበኛው ኩባንያ ሲቀይር የሚለወጠው መዝገቡ ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዚያው ጊዜ የተወሰደው ሌላ፣ ብዙም የማይነሣ እርምጃ ነው። ኮሚሽኑ ቁጥርን ይዞ የመሄድ መብት ብቻውን ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ተረድቶ ነበር። ቁጥሩ ነፃ ቢወጣም ደንበኛው በረጅም ዘመን ውል ታስሮ ከቆየ፣ ለመውጣትም የውል ማቋረጫ ቅጣት ከተጠየቀ፣ በሩ ተከፍቶ መቀርቀሪያው አልተነሣም ማለት ነው። ስለሆነም ነፃ የስልክ አገልግሎትን በሚያካትት ውል ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የታሰሩ ደንበኞች ዝውውሩ ከተፈቀደበት ዕለት ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ያለ ማቋረጫ ቅጣት ውላቸውን መተው እንዲችሉ ተፈቀደ። መብቱ የተሰጠው ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰኑ ደንበኞች ቢሆንም የያዘው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ የመዛወር መብትና የመውጫ ክፍያ ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም። ዛሬ የሚታየው የተቆራረጠ አሠራር ይህን ትምህርት የዘነጋ ይመስላል።

የ1993ቱ ለውጥ በዋጋ ላይ ያስከተለው ውጤት በጥናት ታይቷል። ብራያን ቪያርድ እ.ኤ.አ. በ2007 በራንድ ጆርናል ኦቭ ኢኮኖሚክስ ያሳተመው ጥናት የሚጠይቀው አንድ የኢኮኖሚክስ እንቆቅልሽ ነው። የመቀየሪያ ወጪ ሲኖር ኩባንያ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ይጎትቱታል፦ የታሰሩትን ደንበኞች በውድ ዋጋ መበዝበዝና አዳዲሶቹን በርካሽ ዋጋ ስቦ ማሰር። ለአሮጌና ለአዲስ ደንበኛ አንድ ዋጋ በሚቀርብበት ገበያ የትኛው ፍላጎት እንደሚያሸንፍ በንድፈ ሐሳብ ብቻ መወሰን አይቻልም። ቪያርድ ያገኘው መልስ ኤቲ ኤንድ ቲና ኤምሲአይ ቁጥር ማዛወር ከተፈቀደ በኋላ ዋጋቸውን መቀነሳቸውን ነው። በፍጥነት በሚያድግ ገበያ እንኳ፣ አዲስ ደንበኛ የመሳብ ጉጉት እጅግ ሊበረታ በሚችልበት ጊዜ፣ የታሰረውን የመበዝበዝ ፍላጎት በልጦ ተገኝቷል። የመቀየሪያ ወጪ ውድድርን አዳክሞ ነበር ማለት ነው። ይህ ግኝት ከዚህ ቀጥሎ ለሚነሣው የተቃውሞ ሐሳብ ዋና መልስ ይሆናል።

ሥራው ምንድን ነው?

ክፍያው ተገቢ መሆኑን ለመመዘን የሚሠራውን ሥራ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ነፃ የስልክ ቁጥር በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚያስተዳድረው አንድ «ኃላፊ ድርጅት» አለው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ «ሬስፖርግ» ይባላል። ይህ ድርጅት የስልክ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ሥራ ብቻ የተሰማራ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶችም ለራሳቸው ቁጥሮች ራሳቸው ኃላፊ ይሆናሉ። ቋቱን የሚያስተዳድረው ሶሞስ የተባለው ድርጅት ነው። ደንበኛው ለመዛወር ሲወስን ለአዲሱ አገልግሎት ሰጪ የተፈረመ የውክልና ደብዳቤ ይሰጣል፤ አዲሱ ደብዳቤውን ለነባሩ ኃላፊ ድርጅት ያቀርባል፤ ነባሩ በደብዳቤው ላይ ያለው ስምና በመዝገቡ ያለው ስም መመሳሰሉን አይቶ ይለቃል። ቀሪው፣ ማለትም የጥሪ መስመሩን ማቀናጀት፣ መሞከርና ችግር ሲፈጠር ማስተካከል፣ የሚወድቀው በተቀባዩ ትከሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ብዙ የሚሠራው ተቀባዩ ሆኖ ሳለ የሚያስከፍለው ለቃቂው ነው።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ሁለት ነፃ የስልክ ቁጥሮች አሉት እንበል። አንዱን የተረከበው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሌላውን ግን ለ10 ዓመታት በየማስታወቂያው አሳትሞታል። ሁለቱን ለማዛወር ነባሩ ኩባንያ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ደብዳቤ ማየትና መዝገብ መልቀቅ። የመጀመሪያውን ለመልቀቅ 50 ዶላር ቢጠየቅ ሐኪሙ ቁጥሩን ጥሎ አዲስ ይወስዳል። ለሁለተኛው ግን 50 ዶላር ቢባል ይከፍላል፣ 500 ቢባልም እያጉረመረመ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከኩባንያው ሥራ የመጣ አይደለም። ሐኪሙ ራሱ ለማስታወቂያ ባወጣው ገንዘብ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ክፍያው ከወጪ በላይ በወጣ ቁጥር ኩባንያው የሚሰበስበው ያልዘራውን ነው።

የሕጉም አቋም ወደዚሁ ያመለክታል። ነፃ የስልክ ቁጥር የአገልግሎት ሰጪው ንብረት አይደለም፤ ቀድሞ ለጠየቀ የሚሰጥ የሕዝብ ሀብት ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ውሳኔ ያለ ደንበኛ ቁጥር ይዞ ማስቀመጥን፣ ከሚፈለገው በላይ ማከማቸትንና ቁጥርን በገንዘብ መሸጥን ከልክሏል። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተወሰነ ልዩነት ፈቅዶ፣ ከአንድ በላይ ፈላጊ የመጣባቸው 17,000 ያህል የ833 ቁጥሮች በ2019 መጨረሻ በጨረታ ቀርበዋል፤ ይህ ግን በግልጽ የታወጀ ልዩነት እንጂ አጠቃላይ ፈቃድ አይደለም። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ቁጥርን ለሦስተኛ ወገን መሸጥ ከተከለከለ፣ ቁጥሩን አስቀድሞ ለያዘው ለራሱ ለደንበኛው ከወጪ በላይ በሆነ «የመልቀቂያ» ዋጋ ማቅረቡ በምን ይለያል? ስሙ ይለያያል እንጂ የገንዘቡ ምንጭ አንድ ነው፦ የቁጥሩ ተፈላጊነት። ይህ የኮሚሽኑ ትርጉም ነው አይባልም፤ ነገር ግን ከክልከላው ዓላማ በቀጥታ የሚከተል ንባብ ነው።

የተቃውሞ ሐሳቦች

ክፍያውን የሚደግፉ ወገኖች ሦስት ምክንያቶች ያቀርባሉ፤ እኩል ክብደት የላቸውም።

ቀላሉ የማጭበርበር ስጋት ነው። በሐሰተኛ የውክልና ደብዳቤ የሰው ቁጥር የሚነጥቁ አሉ፤ ዝውውር ከመፈጸሙ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ይህ እውነት ነው። ማጭበርበርን የሚያስቀረው ግን ማጣራቱ እንጂ ክፍያው አይደለም፤ ነጣቂ ዋጋ ያለው ቁጥር ለመውሰድ 50 ዶላር አይሳሳም። የማጣራቱ ወጪ ቢኖርም እንኳ መለካት የሚችል ትንሽ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ኩባንያው ቁጥሩን ከለቀቀ ዕዳውን በምን ያስከፍላል? ለመደበኛና ለተንቀሳቃሽ ስልኮች ኮሚሽኑ ይህን ጥያቄ መልሶታል። ኩባንያዎች የማዘዋወሪያ ክፍያ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይቀበላል፤ ዕዳ ወይም ያልተከፈለ የውል ማቋረጫ አለ ብለው ግን ዝውውሩን ሊከለክሉ አይችሉም። ዕዳ እንደ ማንኛውም ዕዳ በሕግ ይጠየቃል፤ ቁጥር መያዣ አይሆንም። በተለይ ዕዳው ራሱ አከራካሪ ሲሆን፣ ቁጥሩን የያዘ ወገን በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ይሆናል። አነስተኛ ነጋዴ ደግሞ ስልኩ ተዘግቶ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ይኸው መርህ ለነፃ የስልክ ቁጥሮች በግልጽ የማይሠራበት አሳማኝ ምክንያት አይታይም።

ሦስተኛው ጠንከር ያለና ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚጥም ነው። ፖል ክሌምፐረርና ጆሴፍ ፋረል ስለ መቀየሪያ ወጪ በጻፏቸው ሥራዎች እንደሚብራራው፣ ኩባንያዎች በመጨረሻ ከታሰረው ደንበኛ የሚያገኙትን ትርፍ አስቀድመው እያሰቡ በመግቢያው ላይ ዋጋ ዝቅ ያደርጋሉ። የመውጫ ክፍያ የሚያስገኘው ገንዘብ ለደንበኛው በመግቢያ ቅናሽ ተመልሷልና ጉዳት የለም ይባላል። ይህ ክርክር ሁለት ነገሮችን ታሳቢ ያደርጋል። አንደኛ፣ ደንበኛው ውል ሲፈርም የመውጫ ክፍያውን አይቶ፣ አስልቶ፣ አወዳድሮ መርጧል። የአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ውል ግን በማስታወቂያው ገጽ የወር ኪራዩን በትልቁ፣ የመውጫውን ክፍያ ደግሞ በረጅሙ የአገልግሎት ውል ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኩባንያው ዋጋውን በማናቸውም ጊዜ ሊያሻሽል እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽም ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። ከፈረሙ በኋላ የሚጨመር ክፍያ በመግቢያው ቅናሽ ሊካካስ አይችልም። ሁለተኛ፣ የቁጥሩ እሴት ከጊዜ ጋር የሚያድግ ስለሆነ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ምን ያህል እንደሚታሰር አያውቅም። የቪያርድ ግኝት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው፤ በዚሁ በነፃ የስልክ ገበያ ውስጥ ማሰሪያው ሲላላ ዋጋ ወርዷል።

በዚህ ላይ ከተወዳዳሪዎች ወገን የሚታይ ጉዳት አለ። ትልቅ ኩባንያ የሚመጣለትን ደንበኛ የመውጫ ክፍያ ራሱ ሊሸፍንለት ይችላል፤ ጥቂት ካፒታል ይዞ ወደ ገበያው የገባ ግን አይችልም። ስለዚህ ክፍያው የሚከላከለው ነባሩን ከአዲሱ፣ ትልቁንም ከትንሹ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በመካከል ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ሲገባ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ አገልግሎት ከሚሸጡ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ኃላፊ ድርጅት አይደሉም፤ ቁጥሩን ከሌላ ተከራይተው ለደንበኛ ያከራያሉ። በመዝገቡ ላይ ተመዝጋቢ ሆኖ የሚገኘውም አንዳንዴ ሻጩ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። እንዲህ ሲሆን የተጠቃሚው የውክልና ደብዳቤ ስሞቹ አይመሳሰሉም ተብሎ ይመለሳል፤ ወደ ሻጩ ይሄዳል፤ ሻጩ ወደ አከራዩ ይመራዋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ኬላ አቁሟል። ደንበኛው ለዓመታት «ቁጥሬ» ሲለው የኖረው በወረቀት የእሱ እንዳልሆነ የሚያውቀው በዚያን ዕለት ነው። ለዚህ ችግር ከክፍያ ጣሪያ ይልቅ የሚቀድመው መፍትሔ ቁጥሩን የሚጠቀምበት ሰው ስም ከመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ እንዲሰፍር ማስገደድ ነው።

ተቆጣጣሪው በዚህ መስክ ዋጋን በጥቃቅኑ መመልከት የማይችል እንዳልሆነ ሌላ ውሳኔው ያሳያል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2020 በነፃ የስልክ ጥሪዎች ላይ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁትን ክፍያ ሲያሻሽል፣ ለአንድ የመረጃ ቋት ጥያቄ የሚከፈለው ደረጃ በደረጃ ወደ 0.0002 ዶላር እንዲወርድ ወስኗል። በኩባንያዎች መካከል የሳንቲም ክፍልፋይ ይህን ያህል ትኩረት ሲያገኝ፣ በኩባንያና በአነስተኛ ደንበኛ መካከል ያለው የመውጫ ዋጋ በአብዛኛው ለውል መተዉ የሚዛን ጉድለት ነው። ምናልባት ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኩባንያዎች ጠበቃ ልከው ይከራከራሉ፣ የጥርስ ሐኪሙ ግን ከፍሎ ይሄዳል።

አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄዷል። የ2002ቱ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ደንበኛው በቀጥታ የሚከፍለው ካለ ከመዛወር የሚያግደው እንዳይሆን ያዝ ነበር። ይህ አባባል ለትርጉም ክፍት ነው፤ ስንት ዩሮ ያግዳል? በ2018 የጸደቀው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ ጥያቄውን ከሥሩ ቆረጠው፦ ቁጥር ለማዛወር ከዋና ተጠቃሚው ላይ ምንም ዓይነት ቀጥተኛ ክፍያ አይጠየቅም፤ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚተሳሰቡትም ወጪን መሠረት ያደረገ ይሆናል። ድንጋጌው ከአካባቢ ጋር ያልተያያዙ ቁጥሮችንም ያቅፋል። ለቃቂው እውነተኛ ወጪ ካለው ደንበኛውን ከሚያገኘው ተወዳዳሪ ይቀበላል፤ ተቀባዩም እንደ እሱ ባለሙያ በመሆኑ የተጋነነ ሒሳብ ሲቀርብለት ይከራከራል። ደንበኛው ከመካከል ይወጣል።

ኢትዮጵያ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ የሚመስል ቢሆንም እንደዚያ አይደለም። በሀገሪቱ ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ የቴሌኮም ኩባንያ ስለነበረ የመዛወር ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፍቶ የቁጥር አስተዳደርን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ አገልግሎት ጀመረ። ሁለት ኩባንያዎች ባሉበት ቁጥር ይዞ መሄድ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ሲነገር ደግሞ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ የሞባይል ቁጥር ብቻ ነው።

ተቋማት የሚጠቀሙባቸው አጫጭርና ነፃ ቁጥሮች ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢ ናቸው። አርሶ አደሮች የግብርና ምክር የሚያገኙበት 8028 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ዋጋው ያለው በሰው ቃል ውስጥ በመያዙ ነው፤ በየገጠሩ አዲስ ቁጥር ማስተማር ዓመታት ይፈጃል። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የእርዳታ ድርጅት ነፃ መስመርም እንዲሁ ነው። ግለሰብ ቁጥሩን ቢቀይር ለዘመዶቹና ለወዳጆቹ ያስታውቃል፤ ተቋም ግን ለማያውቃቸው ሰዎች ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ማሰሪያው በተቋም ላይ ይጠብቃል፤ የመውጫ ክፍያ የመጠየቅ ፈተናም እዚያው ይበረታል።

ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የምትለየው ውሎቹ ገና ያልጠነከሩበት ጊዜ ላይ በመሆኗ ነው። አሜሪካ የ90 ቀናቱን ነፃነት መፍቀድ ያስፈለጋት ደንበኞቹ አስቀድመው ታስረው ስለነበረ ነው። እዚህ የዝውውር ደንብ ሲሠራ ሦስት ነገሮች አብረው ቢጻፉ ኋላ የሚፈታ ቋጠሮ ይቀንሳል፦ ነፃና አጫጭር ቁጥሮች በዝውውሩ ውስጥ በስም ይካተቱ፤ ከተጠቃሚው ላይ የሚጠየቅ ቀጥተኛ ክፍያ ዜሮ ይሁን፤ የቁጥሩ ተመዝጋቢ ሆኖ የሚሰፍረው ቁጥሩን የሚጠቀምበት ተቋም እንጂ መስመሩን የሸጠለት ወይም የጥሪ ማዕከሉን የሚያንቀሳቅስለት ድርጅት አይሁን። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ የጥሪ ማዕከላቸውን በውል ለሌላ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች አሁኑኑ የሚመለከት ነው፤ ውላቸውን ዛሬ አውጥተው ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ለማየት አዲስ ደንብ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።